ጠላን ጎን ለጎን መቅመስ



ዛሬ ልሟገትለት የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። በአገራችን ጠላ የሚጠምቁ ብዙ ናቸው፤ ቀምሰው ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩም እንዲሁ። የጎደለን በጠማቂና በቀማሽ መካከል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጠማቂና በጠማቂ መካከል፣ በግልጽ የሚደረግ ንግግር ነው። አንዷ ባለሙያ የራሷን ጠላ ከሌላዋ ጠላ ጎን አስቀምጣ፣ ልዩነቱ ምን እንደሆነና ከምን እንደመጣ ተወያይታበት፣ የተገኘውን በጽሑፍ የምታኖርበት ልማድ የለንም። ይህ ልማድ እስካልተጀመረ ድረስ የጠላ ሙያ በየቤቱ ከሀ ሁ እየተጀመረ ከባለቤቷ ጋር በየቤቱ እየተቀበረ ይቀጥላል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ ከፊሉ ከራሳችን ጓዳ፣ ከፊሉ ደግሞ ቢራን በቤታቸው ከሚጠምቁ ሌሎች ሕዝቦች የተገኘ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ጋን ጠላ ስንት ውሳኔ እንደሚጠይቅ እንይ። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ምን ያህል ይታጠን የሚለው የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። ጌሾው ቅጠሉ ብቻ ይግባ ወይስ እንጨቱም ይጨመር? ጥንስሱ ስንት ቀን ይቆይ? ብቅሉ የገብስ ይሁን የስንዴ? ዋናው እህልስ ገብስ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ ወይስ በቆሎ? እነዚህን ሁሉ ያለፈች ጠማቂ እንኩሮው ላይ ስትደርስ ከሁሉ የከበደው ይጠብቃታል። ዱቄቱ በጥቂት ውኃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ሲታመስ መጀመሪያ የቂጣ ሽታ ይሰጣል፤ ቆየት ሲል ቆሎ ቆሎ ይላል፤ ቀጥሎ ቀለሙ እየጠቆረ ሽታው ወደ ተቆላ ቡና ይጠጋል፤ ከዚያ ጥቂት ካለፈ ያረረ ነገር በጠላው ውስጥ እስከ መጨረሻው ጣሳ ድረስ ይከተላል። ጠላው ቀላ ይበል ወይስ ይጥቆር፣ ምሬቱ ከጌሾ ብቻ ይሁን ወይስ ከቁላቱም ይጨመርበት የሚለየው እዚህ ምጣድ ላይ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ድፍድፉ የሚቆይበት ቀን፣ የውኃው መጠን፣ የጋኑ አከዳደንና የአካባቢው ሙቀት ገና ይቀራሉ። ውሳኔዎቹ አሥር ብቻ ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸውም ሁለት አማራጭ ብቻ አለ ብንል እንኳ 1024 የተለያዩ ጠላዎች ይወጣሉ። አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ብትጠምቅ ይህን ሁሉ ሞክራ አትጨርስም። ያልሞከረችውን ልታውቅ የምትችለው የሞከረችው ጎረቤቷ ስትነግራት ብቻ ነው።

መነጋገሪያ መድረክ የለንም እንዳንል፣ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቅርጽ ያለው ተቋም ከጥንት ጀምሮ በእጃችን ነው፤ እሱም የጽዋ ማኅበር ነው። አባላቱ በየወሩ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ቀን ይሰበሰባሉ፤ ጽዋው ከቤት ቤት በተራ ይዞራል፤ ተረኛው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ ይጠብቃል። ይህን ቅርጽ ከመንፈሳዊ ትርጉሙ ለጊዜው ለይተን ብንመለከተው የሚያስደንቅ ነገር እናያለን። ቀማሾቹ በየወሩ ያው ሰዎች ናቸው፤ ጠማቂው ቤት ግን በየወሩ ይለዋወጣል። የአንድ ማኅበር አባል በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአሥራ ሁለት ቤት ጠላ በበጋም በክረምትም፣ ከአዲስ እህልም ከከረመ እህልም ሲጠመቅ ቀምሶታል። በምላሱ ላይ የተከማቸው እውቀት ብዙ ነው። ሆኖም ያ እውቀት ወደ ጠማቂዋ አይመለስም። ቀማሹ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ለባልንጀራው «የዛሬው ሆምጠጥ ብሏል» ይላል፤ ለባለቤቷ ግን የሚሰጣት ምርቃት ነው። የሁለት ቤት ጠላ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ስለማይቀርብ ደግሞ የዚህ ወር ጠላ የሚመዘነው ባለፈው ወር ጠላ ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ የጣዕም ሚዛን ሆኖ አያገለግልም፤ በወጡ፣ በጨዋታውና በአስተናጋጇ ፈገግታ ይዛባል።

ምርቃቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሰው ደክሞ ያቀረበውን በአደባባይ መንቀፍ ነውር የሆነበት ባህል ጥሩ ባህል ነው፤ እንዲሻር አልጠይቅም። ይሉኝታ ብዙ ጉርብትና ጠብቆልናል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ይሉኝታውን ሳንነካ እውነቱን ለጠማቂዋ ማድረስ እንችላለን ወይ? ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሱ ሰዎች ስላሉ ወደ እነሱ ልሻገር።

በአሜሪካ መጠጥ የተከለከለበት ዘመን በ1933 ሲያበቃ ለቤት ፍጆታ የወይን ጠጅ መጥመቅ ተፈቀደ፤ ቢራ ግን ከፈቃዱ ውጭ ቀረ። አርባ አምስት ዓመት ያህል ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው በፌዴራል ሕግ ፊት ጥፋተኛ ነበር። በጥቅምት 1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ይህን ለወጠው፤ አንድ አዋቂ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት እስከ 200 ጋሎን ቢራ ለራሱ እንዲጠምቅ ተፈቀደለት፤ መሸጥ ግን አይችልም። ክልሎቹ የየራሳቸውን ሕግ ለማስተካከል ረዥም ጊዜ ወስደዋል፤ ሚሲሲፒና አላባማ የፈቀዱት በ2013 ነው። ዛሬ በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለበዓል በቤታቸው የሚጠምቁት ጠላም የሚያርፈው በዚሁ ሕግ ላይ ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ከፈቃዱ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው በ1978 በኮሎራዶዋ ቦልደር ከተማ ቻርሊ ፓፓዚያንና ቻርሊ ማትሰን የቤት ጠማቂዎችን ማኅበር መሠረቱ፤ በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያው አገር አቀፍ ውድድር ተካሄደ፤ በ1985 ደግሞ የቢራ ዳኞችን እየፈተነ የሚመዘግብ መርሐ ግብር ተቋቋመ። የፌዴራሉ ፈቃድ ለሁሉም እኩል ነበር፤ ሙያውን ያሳደገው ግን ጠማቂዎቹ እየተገናኙ አንዱ የሌላውን መቅመሳቸው ነው። በካሊፎርኒያዋ ቺኮ ከተማ ለቤት ጠማቂዎች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ የነበረው ኬን ግሮስማን በ1980 መጥመቅ የጀመረው ሲየራ ኔቫዳ ዛሬ በአገሪቱ ከታወቁት ቢራ ፋብሪካዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ የሄዱ የቤት ጠማቂዎች ብዙ ናቸው።

የእነዚህ ዳኞች አሠራር ቀረብ ብሎ መታየት አለበት፤ የይሉኝታው ጥያቄ የሚፈታው እዚያ ላይ ነው። ቢራው የሚቀርበው በቁጥር ብቻ ነው፤ ዳኛው ማን እንደጠመቀው አያውቅም። በእጁ ያለው ወረቀት 50 ነጥብ ይይዛል፦ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ በአፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። መልክ ከሃምሳው ሦስት ብቻ እንደተሰጠው አስተውሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከነጥቡ ጎን ያለው ባዶ መስመር ነው። ዳኛው ምን እንደሸተተውና ምን እንደቀመሰ በቃላት መጻፍ አለበት፤ ጉድለት ካገኘ ምክንያቱን መገመትና መፍትሔ መጠቆም ይጠበቅበታል። ወረቀቱ ተመልሶ ለጠማቂው ይላካል። ማንም በማንም ፊት አላፈረም፤ ጠማቂው ግን የሚቀጥለውን ሲጠምቅ ምን መለወጥ እንዳለበት ያውቃል። የእኛ ማኅበርተኛ መንገድ ላይ ለባልንጀራው የሚነግረው እውነት በዚህ ዘዴ በቀጥታ ለባለቤቱ ይደርሳል ማለት ነው።

ነገሩ የአሜሪካኖች ብቻ እንዳይመስል፣ ከእኛ አኗኗር ጋር የሚቀራረብ ምሳሌ ከምዕራብ ኖርዌይ ገበሬዎች ልጨምር። እነዚህ ገበሬዎች ከአባት ከአያት የወረሱትን የቢራ እርሾ ያደርቁና ለሚቀጥለው ጥምቀት ያቆያሉ፤ የአንዱ እርሾ ሲበላሽ ከጎረቤት ያመጣል። ቢራው ከመፍያው ወደ በርሜል በሚገለበጥበት ቀን ጎረቤት ተጠርቶ የሚቀምስበት ልማድ ያላቸው መንደሮችም አሉ። ይህ የመዋዋስና የመቃመስ ሰንሰለት እርሾውን ጠበቀው። በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት የእነዚህ ገበሬዎች እርሾ ከሌሎች የቢራ እርሾዎች የሚለይ፣ የራሱ ወገን ያለው ሆኖ አግኝቶታል፤ ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ጠማቂዎች ይፈልጉታል። በትልልቅ ፋብሪካዎች ታሪክም ቢሆን የመካፈል ፍሬ ታይቷል። በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በ1883 ንጹሕ እርሾ ነጥሎ ሲያወጣ ባለቤቱ ያኮብሰን ግኝቱን ቆልፎ አልያዘም፤ ለሌሎች ጠማቂዎች አካፈለ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ፤ ቀላል አይደሉምና።

የመጀመሪያው «ጠላ የእጅ ነው» የሚለው ነው። አንዷ የነካችው ይጣፍጣል፣ ሌላዋ ያንኑ እህል ብትጠምቀው አይሆንም፤ ስለዚህ ማነጻጸሩ ምን ይጠቅማል? ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩት ነገር እውነት ነው። ሁለት ሴቶች ከአንድ ጆንያ ገብስ ሁለት የማይመሳሰሉ ጠላዎች ያወጣሉ። ስሕተታቸው ምክንያቱን ሊመረመር የማይችል ማድረጋቸው ነው። ጠላን የሚያፈሉት ማንም ከሱቅ ያልገዛቸው እርሾዎችና ኮምጣጣነት የሚሰጡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሚመጡትም ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከዕቃው ነው። አንዷ ጋኗን የምታጥብበትና የምታጥንበት መንገድ ከሌላዋ ከተለየ በውስጡ የሚተርፉት ረቂቅ ተሕዋስያንም ይለያያሉ። እንኩሮውን ከምጣድ የምታወርድበት ቅጽበት፣ ጋኑን የምታስቀምጥበት ማዕዘን፣ ድፍድፉን የምታቆይበት ቀን ሁሉ እጇ ውስጥ ተደምሯል። እንግዲህ እጅ የምንለው ያልተነገሩ ልማዶች ድምር ነው፤ ልማድ ከሆነ ደግሞ ሊታይ፣ ሊነገርና ሊወረስ ይችላል። እውቀቷን ለእጇ ብቻ ስንሰጥ ያከበርናት ይመስለናል፤ በእርግጥ ግን አስተዋይነቷን ነው የካድነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተማሩት ወገን የሚመጣ ነው። ጥቂት ሰዎች ቀምሰው የሚሉት ግምት እንጂ ማስረጃ አይሆንም ይላሉ። የሚገርመው ከትንሽ ናሙና እንዴት አስተማማኝ ነገር እንደሚገኝ ያስተማረን ሰው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ መሆኑ ነው። ዊልያም ጎሴት በ1899 በደብሊን ጊነስ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ገብስና ብቅል ሲመረምር በእጁ የሚገኙት መለኪያዎች ሁልጊዜ ጥቂት ነበሩ፤ ለዚህ ችግር ያገኘውን መፍትሔ በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመ። ያ ሥራ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስ ክፍል ይማሩበታል። ለቅምሻ የተዘጋጀ ቀላል ዘዴም አለ፤ በ1940ዎቹ ካርልስበርግ ውስጥ ቀማሾችን ለመምረጥ ሠርተውበታል። ለአንድ ቀማሽ ሦስት ብርጭቆ ይቀርብለታል፤ ሁለቱ ከአንድ ጋን፣ አንዱ ከሌላ ጋን የተቀዳ ነው፤ የተለየውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ዝም ብሎ ቢገምት ከሦስት አንድ ጊዜ ይሳካለታል። ማኅበርተኛው 12 ነው እንበል፤ በግምት ብቻ አራት ያህሉ ያገኙታል። ስምንትና ከዚያ በላይ ካገኙት ግን በሁለቱ ጋኖች መካከል እውነተኛ ልዩነት አለ ብሎ ለመናገር በቂ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሦስት ብርጭቆ፣ አንድ እስክሪብቶና ትዕግሥት ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለው የአባቶች አነጋገር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብደኛል። ውድድርና መመዘኛ ሲመጣ የተለያየው ሁሉ ወደ አንድ መልክ ይጎተታል፤ ዳኞች የወደዱትን ሁሉም ይጠምቃል፤ የጎጃሙ የዳጉሳ ጠላ፣ የቆላው የማሽላ ጠላ፣ የጎንደሩ ኮረፌ እየተዋጡ አንድ ዓይነት «ጥሩ ጠላ» ብቻ ይቀራል የሚል ነው። ይህ ስጋት ባዶ አይደለም። የአሜሪካዎቹ ዳኞችም ቢራን በዓይነት በዓይነት የሚመድብ መጽሐፍ አላቸው፤ በምድቡ ውስጥ ያልገባ ቢራ ጥሩ ሆኖም ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከእነሱ የምንወስደው የደረጃ ሰንጠረዡን ሳይሆን የአገላለጹን ልማድ ቢሆን ይሻለናል። መጀመሪያ ማን ይበልጣል ብለን አንጠይቅ፤ ይህ ጠላ ምን ይመስላል ብለን እንጠይቅ። የዳጉሳ ጠላ ከዳጉሳ ጠላ ጋር ይነጻጸር፤ ጉሽ ከጉሽ፣ የጠራው ከጠራው፣ ቅራሪውም ከቅራሪ ጋር። ደግሞም ልዩነትን የሚያጠፋው መነጻጸር ነው ወይስ ዝምታ? የአንድ ቀበሌ ጠላ በምን እንደሚለይ ማንም ካልጻፈው፣ ጠማቂዎቹ ሲያረጁና ልጆቻቸው ወደ ከተማ ሲገቡ መጥፋቱን የሚያውቅ እንኳ አይኖርም። በጠርሙስ የሚመጣው ቢራ ቦታውን የሚወስደው ያን ጊዜ ነው፤ ለመወሰዱም ምስክር አይገኝም።

ስለ መጠጥ ጉዳት የሚነሳውን ጥያቄ አቃልዬ አላልፈውም፤ በመጠጥ የፈረሰ ትዳር በየሰፈሩ አለ። ነገር ግን ለመቅመስ የተሰበሰበ ሰው ለመስከር ከተሰበሰበ ሰው ይለያል፤ ምላሱ ከደነዘዘ ሥራው አብሮ ስለሚበላሽ በጥቂት ጉንጭ ይወሰናል። ከዚህም በላይ ዛሬ ጠጪው የሚጠጣውን ጥንካሬ አያውቅም። ተራ ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ይይዛል፤ ፊልተር የሚባለው ወደ 5 እና 6 በመቶ ይደርሳል፤ በአንድ ዓይነት ጣሳ ሲቀርቡ ግን ልዩነቱ የሚታወቀው ከጠጡ በኋላ ነው። በጠላ እህሉ በየደረጃው ስለሚጨመር የቢራ ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት ተንሳፋፊ መለኪያ ብቻውን አይበቃንም፤ ናሙናው በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ መለካት አለበት። የተመዘገበ ጠላ፣ አጠማመቁ የተጻፈለት ጠላ ካለ ግን ተመራማሪው የለካው ቁጥር ከየትኛው አሠራር እንደመጣ ይታወቃል፤ አሁን ግን «ጠላ» በሚል አንድ ስም የተለካው ሁሉ ከማን ጋን እንደተቀዳ እንኳ ለማወቅ ያስቸግራል።

ኑሮዋን በጠላ የምትመራ ሴትስ? ሚስጥሯን አውጥታ ለተፎካካሪዋ ትስጥ ማለት ተገቢ ነውን? አይደለም፤ ማንም አይገደድ። ቅምሻው ውስጥ የምትገባ ሴት አሠራሯን ሳትናገር ጠላዋን ብቻ ማቅረብ ትችላለች፤ አስተያየቱ እሷ ዘንድ ብቻ ይድረስ። ያም ቢሆን እያንዳንዷ ከጠበቀችው በላይ እንደምታተርፍ እገምታለሁ፤ ከአንድ ሚስጥር ይልቅ የአሥር ሰው ምላስ ይበልጣልና።

እንግዲህ በምን እንጀምር? የጽዋ ማኅበሩን ራሱን ወደ ውድድር መለወጥ አይገባም፤ እሱ ለጸሎትና ለመታሰቢያ የቆመ ነው፣ በዚያው ይኑር። በሌላ ቀን፣ በአንድ ሰፈር የሚተዋወቁ አራት ወይም አምስት ጠማቂዎች ይሰብሰቡ። የመጀመሪያው ጥያቄ ትንሽ ይሁን፤ ለምሳሌ የጌሾ እንጨት መጨመር በጠላው ላይ ምን ያመጣል? አንዷ ጠማቂ በአንድ ቀን፣ ከአንድ እህልና ከአንድ ብቅል፣ በሁለት ትንንሽ ጋን ትጥመቅ፤ በአንዱ ቅጠል ብቻ፣ በሌላው ቅጠልና እንጨት ታድርግ፤ የቀረው ሁሉ አንድ ይሁን። በሦስት ብርጭቆ ለሁሉም ይቀርብ፤ ቀማሾቹ እስኪጨርሱ አይነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ ይከተላልና። ከዚያ እያንዳንዱ የተሰማውን ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችል ይናገርና ይጻፍለት። ወረቀቱ ላይ የእህሉ ዓይነትና መጠን፣ የጌሾው መጠን፣ የእንኩሮው ቀለም፣ ጥንስሱና ድፍድፉ የቆዩበት ቀን፣ ጋኑ የታጠነበት እንጨትና የአካባቢው ስም ይስፈር። መረር ይላል፣ ይጎመዝዛል፣ ከረር ያለ ነው፣ ጢስ ጢስ ይላል፣ ቀጠን ይላል፣ ከጠጡት በኋላ ጉሮሮ ላይ ይቆያል የሚሉት አነጋገሮች እንዳሉ ይጻፉ፤ ጠጪው በየቀኑ የሚናገራቸው ናቸውና አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄው የእንኩሮው ቁላት ይሁን፣ ቀጥሎ የብቅሉ እህል። ወረቀቶቹ በአንድ ፋይል ይቀመጡ፤ ቅጂያቸውም በአቅራቢያ ለሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ወይም የግብርና ኮሌጅ ይሰጥ።